የቪዲዮው ቁልፍ በማን እጅ ነው?

ጳውሎስ ሆስፒታል ግቢ ውስጥ ወረፋ የሚጠብቅ አስታማሚ በስልኩ ስብከት ይከፍታል፤ የሕክምና ተማሪው ደግሞ የቀዶ ሕክምና ትምህርት ያያል። አንዳቸውንም «መጀመሪያ ይህን ፕሮግራም ጫን» የሚላቸው የለም። ይህ ነፃነት በራሱ ጊዜ የመጣ አይደለም።

የኢንተርኔት ካፌን ዘመን ያየ ያስታውሰዋል። ደንበኛው በደቂቃ ሂሳብ ከፍሎ ይቀመጣል፤ በቪዲዮው ቦታ ግን ፍላሽ ፕሌየር የተባለ ማጫወቻ ይጫን የሚል ባዶ ሳጥን ይመጣል። በዚያ ኔትወርክ ማውረዱ ብቻ ገንዘቡን ይጨርሰዋል። ፍላሽ የአንድ ኩባንያ ንብረት ስለነበር ኩባንያው ለአንድ መሣሪያ ካልሠራው የዚያ መሣሪያ ባለቤት ቪዲዮውን ሳያይ ይቀራል።

እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው አይፎን ፍላሽን አላስገባም። በዚያው ዓመት የኦፔራ ብሮውዘር ባለሙያዎች ቪዲዮ እንደ ፎቶ ሁሉ በቀጥታ ገጹ ውስጥ እንዲገባ ሐሳብ አቀረቡ። ሐሳቡን የያዘው የድረ ገጽ ቋንቋ ኤችቲኤምኤል5 በ2014 ይፋዊ መስፈርት ሆነ፤ በ2015 ዩቲዩብ ዋና ማጫወቻው አደረገው። የፍላሽ ባለቤት አዶቤ በ2020 መጨረሻ ለፍላሽ የሚሰጠውን ድጋፍ ሲያቆም፣ በእሱ ብቻ የተሠሩና ያልተቀየሩ መማሪያዎች በብሮውዘር መከፈታቸው ቀረ። የመምህሩ ልፋት ሳይበላሽ ተዘጋ ማለት ነው።

እኛ አማርኛ ጸሐፊዎች ይህን ሕመም ቀድመን እናውቀዋለን። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው የፊደላት ኮድ መስፈርት ዩኒኮድ 3.0 የግዕዝን ፊደል እስኪያካትት ድረስ የፎንት ሠሪው ሁሉ ኮድ የየራሱ ነበር። በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ ያ ፎንት በሌለበት ኮምፒውተር ላይ የማይነበብ ምልክት ይሆናል። ዛሬ ይህን ጽሑፍ በየስልካችሁ የምታነቡት ለእያንዳንዱ ፊደላችን ዓለም የተስማማበት አንድ ቁጥር ስላለው ነው።

በቪዲዮ በኩል ሥራው ገና አላለቀም። በሰፊው የምንጠቀምበት ኤች 264 የተባለው የቪዲዮ መጭመቂያ ዘዴ በፓተንት የተያዘ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ሌላው መጭመቂያ ኤቪ1 ደግሞ ማንም ያለ ፈቃድ ክፍያ እንዲሠራበት ታስቦ የተዘጋጀ ነው። ስለዚህ ትምህርት የምትቀርጹ መምህራን፣ ማሕሌት የምትቀርጹ ሰንበት ትምህርት ቤቶች፣ የአያቶቻችሁን ታሪክ የምትቀዱ ልጆች፦ ዋናውን ቅጂ በእጃችሁ አስቀሩ። በአንድ ኩባንያ አፕ ብቻ በሚከፈት መልክ አታስቀምጡት፤ አንድ መድረክ ላይ ብቻም አትተዉት። ኩባንያ ሐሳቡን ሊቀይር፣ ሊሸጥ፣ ሊዘጋም ይችላል። የልጅ ልጆቻችን የእኛን ድምፅ ለመስማት የማንንም ፈቃድ መጠየቅ የለባቸውም።