ስፖኪዮ የማን ዕዳ ነው?

ቃሊቲ ላይ ተሳቢ ያለው መኪና ወደ ኋላ ሲመለስ ከሞተሩ ድምፅ በላይ የሚሰማው የረዳቱ ጩኸት ነው። «ና! ና! ቁረጠው! መልስ! በቃ!» ሹፌሩ ስፖኪዮውን ትቶ ረዳቱን ይሰማል፤ ብዙ ጊዜ ስፖኪዮው የሚያሳየው የራሱን ጭነት ብቻ ነውና።

ነገሩ ቀላል ይመስላል፤ የሰው ሕይወት ግን አለበት። ጭድ ወይም ፍራሽ ከጋቢናው ጎን አልፎ ሲጫን ፋብሪካው የገጠመው መስታወት ክንዱ ያጥራል። በኢትዮጵያ መሪው በግራ ስለሆነ ለሹፌሩ ይበልጥ የሚሰወረው የቀኙ ጎን ነው። እግረኛው የሚሄደው፣ የታክሲ ተሳፋሪ የሚወርደው፣ ባጃጁ የሚሾልከው ደግሞ በዚያው በቀኝ ነው። መኪናው ወደ ቀኝ ሲታጠፍ የተሳቢው የኋላ ጎማ ከፊተኛው ይልቅ ወደ ውስጥ ቆርጦ ያልፋል። ጥግ ላይ የቆመ ሰው ጋቢናው ሲያልፈው የዳነ ይመስለዋል፤ አደጋው ግን ገና እየመጣ ነው።

ተጨማሪ መስታወት ከአንድ የከባድ መኪና ጎማ ያነሰ ዋጋ አለው። አመራረጡ ግን ማስተዋል ይፈልጋል። ጠፍጣፋው ርቀትን በትክክል ያሳያል፤ እይታው ግን ጠባብ ነው። ጎበጥ ያለው ሰፊ ቦታ ያሳያል፤ ነገር ግን ቅርብ ያለውን አሳንሶ ሩቅ ያስመስላል። ስለዚህ ሁለቱም ያስፈልጋሉ። ክንዱ ከጭነቱ ጠርዝ አልፎ ይውጣ፤ ማሰሪያውም ይጥበቅ። በላስቲክ ታስሮ የሚንቀጠቀጥ መስታወት ምንም አያሳይም። ሲስተካከል የተሳቢው ጎን በመስታወቱ ውስጠኛ ጠርዝ ላይ በቀጭኑ ይታይ፤ የቀረው መንገዱን ያሳይ። ከዚያ ሹፌሩ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ረዳቱ በመኪናው ዙሪያ ይሂድ። ረዳቱ የሚጠፋበት ቦታ ካለ፣ እግረኛም እዚያው ይጠፋል።

የአውሮፓ ኅብረት ይህን ለባለንብረት ፈቃድ አልተወውም። እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጣው መመሪያ፣ ከ2000 ወዲህ የተመዘገቡና ከ3.5 ቶን በላይ የሆኑ የጭነት መኪኖች በተሳፋሪው ወገን ሰፊ እይታ ያለው መስታወት እስከ መጋቢት 2009 እንዲገጥሙ አስገደደ። አዲስ መኪና ግዙ አላለም፤ ባላችሁ ላይ ጨምሩ ነው ያለው።

«ስፖኪዮ እኮ ይሰረቃል» የሚል ምክንያት ይቀርባል። እውነት ነው፣ ይሰረቃል። ጎማም ይሰረቃል፤ ያለ ጎማ ግን ማንም አይነዳም።

ችግሩ ሌላ ነው። ለመስታወቱ የሚከፍለው ባለንብረቱ ነው፤ አደጋ ሲደርስ የሚታሰረው ሹፌሩ ነው፤ የሚሞተው እግረኛው ነው። ሦስቱ የተለያዩ ሰዎች እስከሆኑ ድረስ ስፖኪዮ የመጨረሻው ወጪ ሆኖ ይቀራል።

እንግዲህ ለቦሎ ምርመራ «መስታወት አለው ወይ?» ብሎ መጠየቅ ብቻውን አይበቃም። «ተሳቢው ተቀጥሎ፣ ጭነቱ ተጭኖ ሹፌሩ ምን ያያል?» መባል አለበት። ባለንብረቶችም መመሪያ እስኪወጣ የሚጠብቁበት ምክንያት የለም፤ ሳይቃጠል በቅጠል ነው።