የእናቴ የሳሪስ ግቢ

ከባቡሩ ሳሪስ ላይ ወርጄ ወደ እናቴ ቤት የምገባበትን የኮብልስቶን መንገድ ዓይኔን ጨፍኜ አውቀዋለሁ። የዛሬ ዓመት በጥር ግን የግቢውን በር ከፍቼ ስገባ የሌላ ሰው ቤት የገባሁ መሰለኝ። ወንድሜ በክረምቱ ገዝቶ ያስነጠፈው ሳር ቢጫ ሆኗል። በአጥሩ ሥር የተደረደሩት ፓልሞች ጫፍ ጫፋቸው ነዷል። እናቴ ቀኝ እጇን በሻሽ አስራ በረንዳው ላይ ተቀምጣለች። ሌሊት ውሃ ሲመጣ ተነሥታ በርሜሉን ሞላች፤ በዚያው ሳሩን ላጠጣ ብላ ጀሪካን ይዛ ስትወርድ ደረጃው ላይ አዳለጣት። 73 ዓመቷ ነው።

ወንድሜ መላ ነበረው፤ ግቢው በሙሉ ሲሚንቶ ይሁን አለ። «እናንተ ዳዴ ያላችሁበት መሬት ላይ ሲሚንቶ አይፈስም» አለች እናቴ። ክርክሩ እዚያ ላይ አለቀ። ለእኔ የቀረልኝ የቤት ሥራ የእናቴን ክንድ የማይጠይቅ አትክልት መፈለግ ነበር።

የሰፈሩ ሰው በበጋ «በረሃ ሆነብን» ይላል። በቁጥር ከሄድን ሳሪስ በረሃ አይደለም። አዲስ አበባ በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ታገኛለች፤ በዝናቧ የምትታማው ለንደን እንኳ 600 ገደማ ነው የምታገኘው። የእኛ ችግር ዝናቡ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ወርዶ ማለቁ ነው። ከዚያ ወዲያ በልግ ካልራራልን በስተቀር እስከ ግንቦት ፀሐይ ነው። በዚያ ላይ የሳሪስና የአቃቂ አፈር መረሬ ነው። በክረምት ጫማ ይዞ ያስቀራል፤ በበጋ እጅ እስኪያስገባ ይሰነጠቃል። እዚህ የሚተከል ነገር በሐምሌ ሥሩ ታፍኖ፣ በየካቲት ሥሩ ተወጥሮ መኖር አለበት። (ከተማው ከሚጠጣው ውሃ ቀላል የማይባለው ከዚሁ ከአቃቂ ከርሰ ምድር የሚቀዳ መሆኑን እናቴ ስትሰማ የሳቀችውን ሳቅ ባያችሁ!)

በመጋቢት አንድ ቅዳሜ ሰፈሩን በእግሬ ዞርኩ። ማንም ሳያጠጣው ለምልሞ የቆየው ምንድን ነው የሚለውን ማየት ፈልጌ ነበር። አቦ ቤተ ክርስቲያን አካባቢ ያረጁት ዛፎች ጥላ ከሩቅ ይጣራል፤ በየደብሩ እንደምናየው ጥድና ወይራ የሚተርፉት እንዲህ ባለው ቦታ ነው። አንድ ያልተሠራበት ቦታ ዳር ላይ ክትክታ ቅጠሉ ቅባት የተቀባ ይመስል ያብረቀርቃል። ራሱ እንደ ጃንጥላ የተዘረጋ አንድ ግራርም ነበር፤ ሥሩ ሁለት ሰዎች ካርታ ይጫወታሉ። ቅጠሉን ያራገፈ ኮርች ቀይ አበባውን ብቻ ይዞ ቆሟል። እሬት ደግሞ በድንጋይ ካብ ስንጥቅ ውስጥ ነው የበቀለው፤ ማን አጠጣው?

ችግኝ መግዛቱ ግን እንዳሰብኩት ቀላል አልሆነም። መንገድ ዳር ከሚሸጠው ወጣት ጥድና ግራር ጠየቅኩ፤ የፈረንጅ ጥድና ዲከረንስ አነሣልኝ። «እትዬ፣ ይሄም ጥድ ነው፤ እንዲያውም ቶሎ ያድጋል» አለኝ። አልዋሸም፤ ግን የፈረንጅ ጥድ ከመካከለኛው አሜሪካ፣ ዲከረንስ ከአውስትራሊያ የመጡ ናቸው። ግራቪሊያም የአውስትራሊያ ነው። ስማችን ራሱ ብዙ ጊዜ ይናገራል፤ በምኒልክ ዘመን የገባውን ዛፍ አባቶቻችን ባሕር ዛፍ ያሉት ከባሕር ማዶ ስለመጣ ነው። ስለዚህ ስትገዙ «የሐበሻው ነው ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ቅጠሉንም ከምታውቁት ዛፍ ጋር አስተያዩ።

አገር በቀል መሆኑ ብቻም አይበቃም። ኮሶ የኛ ነው፤ ነገር ግን የእንጦጦን ዓይነት ቀዝቃዛና እርጥበት ያለው ደጋ ነው የሚወደው። ወንድሜ ደግሞ ወደ አዋሽ ሲሄድ ካየው የበረሃ ቁጥቋጦ ቆፍሮ ላምጣ አለ። ያ ቆላ ነው፤ ሳሪስ ግን ከ2,100 ሜትር በላይ ናት፤ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ብርዷን የቆላ ተክል አይችለውም። ቁልቋል ለአጥር ያማረኝ እኔ ነበርኩ። እናቴ ከለከለችኝ፤ ወተቱ ዓይን ውስጥ ከገባ ጉዳቱ ከባድ ነው፣ የልጅ ልጆቿ ደግሞ ያላነካኩት ነገር የለም። የኮርችም ፍሬ ወደ አፍ የሚገባ አይደለም፤ ስለዚህ ተውነው።

በመጨረሻ የመረጥነው ይህ ነው። ከቤቱ ራቅ ብሎ፣ ከግድግዳውም ከሽንት ቤቱ ጉድጓድም ርቆ፣ አንድ ግራር፤ መረሬ ሲደርቅ ስለሚኮማተር ዛፍ አጠገቡ ካለ ግድግዳ ይሰነጠቃል። ወይራ አንድ፣ ብሳና አንድ። በአጥሩ በኩል ሦስት ክትክታ፣ አንድ አጋምና አንድ ቀጋ። የአጋሙንና የቀጋውን ፍሬ ልጆቹ ይለቅሙታል፤ እሾሁ ደግሞ ለሌባ ነው። በጓሮ በር ዳማከሴ። እሬቱን ግንበኞች ሬድ አሽ በሚሉት ቀይ ጠጠር ከፍ ባለ መደብ ላይ አደረግነው፤ ሜዳ ላይ ቢተከል ክረምቱን ሥሩ በስብሶ ይሞት ነበር። የሳሩ ቦታ እንዲሁ ተተወ። አደይ አበባ ራሱ ይዘራል፤ የሚፈልገው በነሐሴ አረም ነው ተብሎ እንዳይነቀል ብቻ ነው።

የተከልነው ሐምሌ ሲገባ፣ አፈሩ በደንብ ከራሰ በኋላ ነው። «ምንም ውሃ አይፈልግም» የሚላችሁን አትመኑ፤ የመጀመሪያዎቹን ሁለት በጋ ማገዝ ያስፈልጋል። በየቀኑ አንድ ጣሳ ከማርከፍከፍ በሳምንት አንዴ ጥልቅ አድርጎ ማጠጣት ይሻላል፤ ሥሩ ወደ ታች ይወርዳል። እኛ በየችግኙ አጠገብ የሃይላንድ ጠርሙስ ቂጡን በመርፌ በስተን ቀበርን፤ ሞልቶ መሄድ ብቻ ነው፣ እሱም የልጆቹ ሥራ ሆኗል። የልብስ ማለቅለቂያ ውሃ ለዛፎቹ ይሆናል፤ ለዳማከሴው ግን አይደረግም፣ ጨምቀን የምንጠጣው ነውና። አፈሩ ላይ ገለባ መጎዝጎዝ ስንጥቁን ይቀንሳል።

እናቴ ለወይራው የተለየ ዓይን አላት። «ለወተት ዕቃ ማጠኛ የሚሆን ቅርንጫፍ እስኪሰጥ እኔ የት አለሁ» ትላለች፤ ግን ጠዋት ጠዋት መጀመሪያ የምትሄደው ወደ እሱ ነው። እጇም ድኗል፤ ጀሪካን አንሥታ አላየኋትም።

ከዛፍና ቁጥቋጦው ስምንት ተክለን እስካሁን የሞቱት ሁለት ናቸው። ብሳናው በክረምት ውሃ በተኛበት ጥግ ስለተተከለ ነው። ግራሩን ደግሞ ለገና የተገዛው በግ ገመዱን ፈትቶ ሌሊቱን እስከ ግንዱ ግጦት አደረ። ለሐምሌ ሌላ እንፈልጋለን።