ቅርንፉድ የሚሸትባት ደሴት፤ በዛንዚባር የዋልንበት ቀን

ባልና ሚስት በአንድ ቤት ሲኖሩ ሥራቸውን ተከፋፍለው ይውላሉና አንዱን ነገር በአንድነት የሚያዩበት ጊዜ ጥቂት ነው። አብረው መንገድ የወጡ እንደ ሆነ ግን ሁለቱም እኩል ያያሉ፤ ያዩትንም ማታ እየተጨዋወቱ ይመዝኑታል። ስለዚህ እኛ ባልና ሚስት በዛንዚባር ደሴት ውለን ያየነውንና የተሰማንን ለዚህ ገጽ አንባቢዎች እናቀርባለን። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዛንዚባር በህንድ ውቅያኖስ ውስጥ ለሚገኙ ደሴቶች የተሰጠ የወል ስም ነው፤ ከነዚህም ታላላቆቹ ኡንጉጃና ፔምባ ይባላሉ። እኛ የዋልንባት ኡንጉጃ ከምድር ወገብ በስተደቡብ በ6ኛው ዲግሪ አካባቢ፥ ከታንዛኒያ የብስ 35 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ትገኛለች፤ ርዝመቷም 85 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከ1890 ጀምሮ በእንግሊዝ ጥበቃ ሥር ቆይታ በታኅሣሥ 1963 ነጻ ወጣች። በጥር 1964 አብዮት ተነሥቶ የሱልጣኖቹ መንግሥት አለፈ፤ በዚያው ዓመት በሚያዝያ ወር ደግሞ ከታንጋኒካ ጋር ተዋሐደችና ዛሬ ታንዛኒያ የሚባለው መንግሥት ተመሠረተ።

ጧት ከማረፊያችን ስንወጣ በመጀመሪያ ያስደሰተን የሰዓት አቆጣጠራቸው ነው። የስዋሂሊ ሰዎች ልክ እንደኛ ሰዓትን የሚቆጥሩት ከፀሐይ መውጣት ጀምረው ነው። መሪ እንዲሆኑን የተስማማናቸው አዛውንት ኢትዮጵያውያን መሆናችንን በሰሙ ጊዜ «እንግዲያስ በእናንተና በእኛ ሰዓት በሁለት ሰዓት እንነሣለን» አሉን፤ እኛም ስድስት ሰዓት መደመርና መቀነስ ሳያስፈልገን በቀጠሮው ተገኘን። በመንገድም ሕፃናት ታላላቆችን ሲያገኙ «ሺካሞ» እያሉ እጅ ሲነሡ፥ ሽማግሎቹም «ማራሃባ» ብለው ሲመርቁ አየን። ልጅን ሰላምታ አስተምሮ ማሳደግ በዚህም አገር የእናትና የአባት የመጀመሪያ ሥራ መሆኑን ተረዳን።

አሮጌው ከተማ የድንጋይ ከተማ ይባላል። ቤቶቹ በኮራል ድንጋይና በኖራ የተገነቡ ናቸው፤ መንገዶቹም እጅግ ጠባቦች ስለ ሆኑ በብዙዎቹ ውስጥ አውቶሞቢል አያልፍም፤ ቀትርም ቢሆን ጥላው አይጠፋባቸውም። ዩኔስኮ ይህን ከተማ በ2000 በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። የዓይን ማረፊያው በሮቹ ናቸው። ከጠንካራ እንጨት ተፈልፍለው፥ የናስ ጉብጉብ ተመትቶባቸው፥ በመቃኖቻቸው ላይ አበባና ዓሣ፥ በዳርቻቸውም ሰንሰለት ተቀርጾባቸው ይታያሉ። የባለቤቱ ሀብት በበሩ ይታወቅ ነበር ብለው መሪያችን አጫወቱን።

በባሕሩ ዳር በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የዖማን ዐረቦች የሠሩት ምሽግ ይገኛል፤ ከጎኑም ሱልጣን ባርጋሽ በ1883 ያሠራው «የድንቅ ቤት» የሚባለው ሕንፃ አለ። በደሴቲቱ የኤሌክትሪክ መብራት መጀመሪያ የበራው በዚህ ቤት ስለ ነበረ ሕዝቡ ተደንቆ ይህን ስም ሰጠው። ነገር ግን በታኅሣሥ 2020 የሕንፃው ከፊል በድንገት ተደርምሶ ሁለት ሰዎች ሞቱ። ከዚያ ወዲህ የጥገና ሥራ ተጀምሮለታል። እኛም ከአጥሩ ውጭ ቆመን ከብረት የተሠሩትን ረጃጅም ዓምዶቹን ተመልክተን አለፍን።

ከዚያ መሪያችን ወደ ከተማው ውስጥ አግብተው ከአንድ ትልቅ ቤተ ክርስቲያን አደረሱን። ይህ ስፍራ አስቀድሞ የባሪያ ገበያ ነበር። ሱልጣን ባርጋሽ በእንግሊዞች ግፊት በሰኔ 1873 ውሉን ፈርሞ ገበያውን ዘጋ፤ በዚያው ዓመት በአውሮፓውያን የልደት በዓል ቀን የአንግሊካን ቤተ ክርስቲያን መሠረት በገበያው ላይ ተጣለ። ባሮች ታስረው ይገረፉበት የነበረው ግንድ የቆመበት ቦታ ዛሬ መንበሩ ባለበት ነው ይባላል፤ በወለሉም ላይ በነጭ እብነ በረድ ክብ ምልክት ተደርጎበታል። በአጠገቡ ካለው ቤት ሥር፥ ለሽያጭ የሚጠባበቁ ሰዎች ይታጎሩበት ነበር ተብሎ የሚታይ ዝቅተኛ ክፍል አለ። ገብተን ቀና ብለን መቆም አልቻልንም። በግቢው ደግሞ ክላራ ሶርናስ የተባለች ስዊድናዊት የሠራችው የአምስት ሰዎች ሐውልት ከመሬት በታች በተቆፈረ ጉድጓድ ውስጥ ቆሟል፤ በአንገታቸው ያለውም ሰንሰለት የዚያው ዘመን እውነተኛ ሰንሰለት ነው።

እዚህ ላይ ሁለታችን በአሳብ ተለያየን። አንዳችን «ለዕረፍት መጥተን ልባችንን ስለ ምን እናሳዝናለን? ወደ ባሕሩ እንሂድ» አልን፤ ሌላችን ግን ጥቂት ለመቆየት ፈለግን። መሪያችን ክርክራችንን በዝምታ ካዳመጡ በኋላ «የባርጋሽ እናት እኮ የእናንተ አገር ሰው ነበረች» አሉን።

ነገሩ እውነት ነው። የባርጋሽ አባት ሱልጣን ሰዒድ ሲሆኑ እናቱ ሐበሻ ቁባት ነበረች። እኅቱ ልዕልት ሳልሜ፥ በኋላ ጀርመናዊ ነጋዴ አግብታ ኤሚሊ ሩቴ የተባለችው፥ በ1886 በጀርመን አገር ባሳተመችው የሕይወት ታሪኳ በአባቷ ቤት ከነበሩት ሴቶች መካከል ሐበሾች እንደ ነበሩ ጽፋለች። የራሷም እናት በልጅነቷ ከቼርኬስ አገር ተማርካ የመጣች ነበረች። በዚያ ዘመን በዐረቦች ዘንድ ሐበሻ የሚባሉት ከልዩ ልዩ የኢትዮጵያ ነገዶች የተወሰዱ ሁሉ ናቸው። ባሪያ ንግድ በባዕድ እጅ ብቻ የተሠራ ሥራ እንዳልሆነም መደበቅ አይገባንም፤ በገዛ አገራችንም ፈንጋይና ሻጭ ነበረ፤ ባርነት በኢትዮጵያ በአዋጅ ፈጽሞ የተከለከለው በ1942 ነው። በዛንዚባርም ገበያው በ1873 ቢዘጋ፥ ባርነት በሕግ የቀረው በ1897 ነው፤ ያም ሕግ ቁባቶችን አይጨምርም ነበርና እነሱ እስከ 1909 ድረስ መጠበቅ ነበረባቸው። ገበያውን የዘጋው ሱልጣን በሰው ገንዘብ ከተገዛች ሴት ማኅፀን የወጣ መሆኑን ስናስብ፥ ወደ ባሕሩ እንሂድ ያልነውም ሳንቀር ከጉድጓዱ ዳር ተቀመጥን። ያች እናት ልጇን እሹሩሩ ያለችው በየትኛው የአገራችን ቋንቋ ይሆን? ይህን ተጠያየቅን፤ መልስም አላገኘንም።

ከቀትር በፊት በዳራጃኒ ገበያ ዞርን። ሴቶቹ ካንጋ የሚባል ባለ ብዙ ቀለም የጥጥ ጨርቅ ይለብሳሉ፤ በዳርቻው ላይ በስዋሂሊ አጭር ምሳሌያዊ ቃል ታትሞበታል። ሚስት በባሏ ያዘነች እንደ ሆነ፥ ወይም ጎረቤት ጎረቤቷን ልትገሥጽ የፈለገች እንደ ሆነ፥ በአፏ ሳትናገር ቃሉን መርጣ ትለብሳለች። ሰምና ወርቅ ለለመደ የኢትዮጵያ ሰው ይህ ጥበብ እንግዳ አይደለም። እኛም አንድ ጥንድ ገዛን፤ ቃሉ የሚመሰገን መሆኑንም ከመክፈላችን በፊት ከመሪያችን ጠየቅን።

ከምሳ በኋላ በአውቶሞቢል ወደ ቅመም እርሻ ሄድን። የቤት እመቤቶች ሊያዩት የሚገባ ስፍራ ይህ ነው፤ በወጥ ቤታችን መደርደሪያ ላይ ደርቆና ተፈጭቶ የምናውቀው ሁሉ እዚህ በሕይወት ቆሟል። ቅርንፉድ ማለት ያልፈነዳ የአበባ እምቡጥ ነው፤ ለቃሚው ዛፉ ላይ ወጥቶ በእጁ እየቀጠፈ ያወርደዋል፤ ከእንጨቱም ተለይቶ በሰሌን ላይ ፀሐይ ሲመታው ይጠቁራል። አበባው ከፈነዳ ግን ዋጋ የለውም። ቀረፋ የዛፍ ልጥ ነው። ቁንዶ በርበሬ በሌላ ዛፍ ላይ የሚጠመጠም ሐረግ ነው። ገውዝ ከአንድ ቢጫ ፍሬ ውስጥ የሚወጣ ዘር ነው፤ ሲከፈትም ቀይ መረብ የመሰለ ልባስ ተሸፋፍኖ ይገኛል። እርድና ዝንጅብል ከመሬት ተምሰው ወጡልን፤ ሄልም ከተክሉ ሥር ተለቅሞ በመዳፋችን ተደረገ።

ቅርንፉድ ለዚህ አገር ባዕድ ተክል ነው፤ የመጣው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ሲሆን ሱልጣን ሰዒድ በብዙ አስተከሉት። በ1872 የተነሣው ዐውሎ ነፋስ በኡንጉጃ የነበሩትን ዛፎች አብዛኛዎቹን ጣላቸው፤ ፔምባ ግን ተረፈች፤ እስከ ዛሬም ዋናው ምርት የሚገኘው ከፔምባ ነው። ጧት ያየነው ጉድጓድና ከሰዓት በኋላ ያሸተትነው መዓዛ የተለያዩ ነገሮች እንዳልሆኑም እዚህ ገባን፤ በዚያ ዘመን ይህን እምቡጥ የሚለቅሙት ባሮች ነበሩና። ስለ ቫኒላ የሰማነውም ከዚሁ ጋር የሚሄድ ነው። የቫኒላን አበባ የሚያዳቅል ነፍሳት ከትውልድ አገሩ ውጭ ስለማይገኝ እያንዳንዱን አበባ ሰው በእጁ ያዳቅለዋል። ይህን ቀላል ዘዴ በ1841 በሬዩኒዮን ደሴት ያገኘው ኤድሞን አልቢዩስ የተባለ የ12 ዓመት ልጅ ነው፤ እርሱም ባሪያ ነበረ።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ፎሮዳኒ ወደሚባለው የባሕር ዳር አትክልት ቦታ ተመለስን። ወጣቶች ከግንቡ ላይ እየዘለሉ ባሕር ውስጥ ይጠልቃሉ፤ ባለ ሦስት ማዕዘን ሸራ ጀልባዎች ወደ ወደቡ ይገባሉ። በጥንት ዘመን እንዲህ ያሉ መርከቦች ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ከሰሜን ምሥራቅ በሚነፍሰው ነፋስ ከዐረብና ከህንድ ይመጡ ነበር፤ ነፋሱ ከደቡብ ምዕራብ ሲዞርም ተምርና ምንጣፍ ባራገፉበት ቅርንፉድና የዝሆን ጥርስ ጭነው ይመለሱ ነበር። መሸት ሲል ሻጮች ፋኖሳቸውን አብርተው በፍም ላይ ዓሣና ሥጋ ይጠብሳሉ። እኛም ከዝንጅብልና ከሎሚ ጋር የተጨመቀ የሸንኮራ አገዳ ጭማቂ ጠጣን፤ ጧት የተለያየንበትንም አሳብ አንሥተን ተነጋገርን። ዕረፍት ማለት አሳብን መጣል ብቻ እንዳልሆነ፥ አንድ ከባድ ነገር ለሁለት ተሸክሞ መዋልም ፍቅርን እንደሚያጸና ተስማማን።

ወደዚያ ለመሄድ ለምታስቡ ሁሉ ጥቂት ምክር እንጨምር። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከአዲስ አበባ ወደ ዛንዚባር ይበራል። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ያለው ጊዜ ታላቁ የዝናብ ወራት ስለ ሆነ ቢታለፍ ይሻላል። የሕዝቡ ሃይማኖት እስልምና ነውና በከተማ ውስጥ ትከሻንና ጉልበትን የሚሸፍን ቀላል የጥጥ ልብስ መልበስ ለሙቀቱም ለጨዋነቱም ይስማማል። ከሁሉ በላይ ግን ወደ ነጩ አሸዋ ከመውረዳችሁ በፊት ያን ግቢ እዩ፤ ባሕሩ ቦታውን ለቆ አይሄድም።

ከእርሻው የገዛነው ቅርንፉድ ዛሬ በቤታችን ሻይ ውስጥ ይፈላል። ልጆቻችን «ምንድር ነው እንዲህ የሚሸት?» ብለው በጠየቁን ጊዜ የዛፉን ስም ብቻ ነግረን አንተውም፤ የለቀሙትንም ሰዎች ታሪክ አብረን እንነግራቸዋለን።