ከጣሪያው በላይ

ዳብኬ የሚባለውን ጭፈራ ከማየቴ በፊት ሰምቼዋለሁ፤ ያውም ከራስጌዬ። የቤት ሠራተኝነት ኮንትራቴን ጨርሼ በተመላላሽነት መሥራት የጀመርኩ ሰሞን፣ ቤይሩት አውሮፕላን ማረፊያ መንገድ አጠገብ ባለው የቡርጅ አል በራጅነህ የፍልስጤማውያን ካምፕ አንዲት ክፍል ተከራየሁ። ኪራዩ የሚቀመሰው እዚያና ሻቲላ ካምፕ ስለነበር ብዙ የአገሬ ልጆች በዚያ አካባቢ ነበሩ። ክፍሌ የመጨረሻው ፎቅ ላይ ናት። አመሻሽ ላይ ገብቼ ጫማዬን ሳወልቅ ጣሪያው መደብደብ ይጀምራል። ድው፣ ድው፣ ድድው! የተራገፈ ኖራ ሻዬ ላይ ይወርዳል።

አንድ ቀን ልቆጣ ወጣሁ። በውሃ ሮቶዎቹና በተጠላለፈው የኤሌክትሪክ ሽቦ መሀል ትንንሽ ልጆች እጅ ለእጅ ተያይዘው ተሰልፈዋል። አንዲት ኮረዳ በጭብጨባ ትቆጥራለች። ከመካከላቸው አንዱ እግሩን ዘግይቶ ካሳረፈ ሁሉም ከመጀመሪያው ይደግማሉ። የሚስቅ የለም። ያን ያህል ኮስታራ ጭፈራ አይቼ ስለማላውቅ ቁጣዬን ረስቼ ቆሜ ቀረሁ። በሚቀጥለው ቀን ሻዬን ይዤ ወጣሁ።

አከራዬን ካምፑ ሁሉ «ሀጃ» ይላቸዋል፤ እኔም ሀጃ አልኳቸው። እሳቸው ደግሞ «ያ ቢንቲ» ይሉኛል፣ ልጄ እንደማለት። ኩወይካት ከምትባል፣ አካ አጠገብ ከነበረች የገሊላ መንደር በ1948 ሐምሌ ሲባረሩ ገና ሕፃን ነበሩ (ዓመቶቹን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ውሰዱልኝ)። በ1948ቱ ጦርነት ከ700 ሺህ በላይ ፍልስጤማውያን ከቤታቸው ተፈናቅለዋል። ካምፑ ሲመሠረት ሰዉ በየመንደሩ ነበር የሰፈረው፤ ስለዚህ ዛሬም የሰፈሮቹ መጠሪያ ኩወይካት፣ ተርሺሐ፣ አል ካብሪ ነው። እኔም ቤይሩት ላይ «የት ነው የምትኖሪው?» ስባል በካርታ ላይ የሌለች መንደር ስም እጠራ ነበር።

ዳብኬ ከየት እንደመጣ የነገሩኝ ሀጃ ናቸው። የድሮው ቤት ግድግዳው ድንጋይ ነው፤ ጣሪያው ግን በአግዳሚ እንጨትና በቅርንጫፍ ላይ የተለሰነ ጭቃ። ጭቃው ካልተጠቀጠቀ ክረምት ሲገባ ያፈሳል። ስለዚህ ዝናቡ ሳይመጣ ጎረቤት ይጠራል፤ ተያይዘው ጣሪያው ላይ እየዘፈኑ ይረግጡታል። ደቦ ነዋ! በእኛም አገር ጭቃና ጭድ በእግር ሲቦካ ጎረቤት ተጠርቶ፣ ጠላ ተጠምቆ፣ ተዘፍኖ እንደሆነ ነገርኳቸው። ሀጃ ጉልበታቸውን መትተው ሳቁና «ታዲያ እናንተም ዳብኬ አላችኋ!» አሉኝ። ይህን የጣሪያ ወግ ሶርያውም ሊባኖሱም ይተርከዋል፤ ጭፈራው የሁሉም ነው። ሊባኖሶች ከ1957 ጀምሮ በበአልቤክ ፌስቲቫል ከትልቅ መድረክ ላይ አውጥተውታል። የካምፑ ሰው ግን ጣሪያውም መንደሩም ጠፍተው ርግጫው ብቻ ነው የቀረለት፤ እንዲህ አጥብቆ የያዘውም ለዚህ ይመስለኛል።

የመጀመሪያውን የካምፕ ሠርግ መቼም አልረሳውም። መተላለፊያው ሁለት ሰው ጎን ለጎን በጭንቅ ስለሚያሳልፍ ክብ መሥራት አይታሰብም። ሰልፉ በርዝመቱ ተዘርግቶ ጥጉ ጋ ሲደርስ ይታጠፋል። ከፊት ያለው መሪ፣ ላዊሕ የሚሉት፣ መቁጠሪያውን በአየር ላይ እያሽከረከረ ሲዘል ሌላው ደረቱን ቀጥ አድርጎ ከሥር ከሥሩ ይረግጣል። ሚጅዊዝ ነፊው ሁለቱን የተጣመሩ ሸምበቆዎች አፉ ውስጥ ከትቶ፣ ጉንጩ ተወጥሮ፣ ትንፋሹ ሳይቆረጥ ያንቧርቃል። ደልዑና የሚባለው ዘፈን አልቆ ጀፍራ የሚባለው ሲቀጥል ሴቶቹ እልል አሉ። እልልታውስ የኛው ነው። ጎትተው አስገቡኝ፤ በትከሻ መጨፈር ለለመደ ሰው ትከሻን አስሮ ተረከዝን መፍታት ቀላል አይደለም፤ ግን የግራና የቀኝ ጎረቤቶቼ እጄን እንደ ወፍጮ መጅ ጨብጠው ስለያዙኝ እግሬ ሳይወድ በግዱ ተከተላቸው።

የጣሪያው ልጆች አንድ ቪዲዮ ካሴት ነበራቸው። ብዙ ተደጋግሞ ከመታየቱ የተነሳ ምስሉ ይንቀጠቀጣል። በ1979 ራማላ አጠገብ አል ቢሬ ውስጥ የተመሠረተው የኤል ፉኑን የጭፈራ ቡድን ሥራ ነው። ከሊባኖስ ካምፕ ሆኖ ራማላ መሄድ አይቻልም፤ እርምጃው ግን በካሴት ይሻገራል። ቡድኑ በ1986 «ሚሽዓል»ን፣ በመጀመሪያው ኢንቲፋዳ መሀል ደግሞ በ1989 «ማርጅ ኢብን ዓሚር»ን መድረክ ላይ አውጥቷል። ከጨፋሪዎቹ የታሰሩ ነበሩ፤ ከአገር እንዳይወጡ የተከለከሉም። እዚያው አል ቢሬ በ1987 የተከፈተው የሕዝብ ኪነ ጥበብ ማዕከል የሽማግሌዎችንና የአሮጊቶችን ዘፈን እየቀረጸ ያሰባስብ ነበር።

ሀጃ ግን ካሴቱን አይወዱትም። «ይኼ የእኛ እግር አይደለም! የዝላይ ትምህርት ቤት ነው» ይላሉ። አሠልጣኟ ኮረዳ የልጅ ልጃቸው ስለነበረች ጭቅጭቁ እራት ላይ ይቀጥላል። እሷ «አያቴ፣ ካልተለወጠ ይሞታል» ትላለች፤ ሀጃ «ከተለወጠስ ምኑ ቀረ?» ይላሉ። እኔ የምስማማው ከሀጃ ጋር ነበር። ዛሬ ሳስበው ግን ያን የተንቀጠቀጠ ካሴት ባያዩ ኖሮ እነዚያ ልጆች ጣሪያው ላይ ይወጡ ነበር ብዬ አልምልም። የአያትን እርምጃ ከአያት መማር ያሳፍራል፤ ከቴሌቪዥን ከመጣ ግን ያኮራል። የልጅ ነገር!

በካምፑ ትምህርት ቤት የሚያስተምሩት የሀጃ ወንድም አንድ ምሽት ሌላ ነገር አወጉን። አውሮፓ ተወልደው የመጡ አይሁድ የዳንስ አዘጋጆች ለአዲሱ አገራቸው ጭፈራ ሲፈልጉ ከአረብ ገበሬዎች ዳብኬም ወስደዋል፤ በ1944 ዳሊያ በተባለው ኪቡትዝ (የአይሁድ የጋራ እርሻ መንደር) ትልቅ የሕዝብ ጭፈራ ፌስቲቫል ተደርጓል። ስሙን እንኳ ብዙ አልለወጡም፣ «ደብካ» ነው የሚሉት። ሀጃን ይህ አላናደዳቸውም። «ይጨፍሩ፣ ጭፈራ አያልቅም» አሉ። ያናደዳቸው እርምጃው እዚያው ገሊላ ውስጥ እየተረገጠ እሳቸው ድንበሩን ማለፍ አለመቻላቸው ነው። በዚያ ምሽት «መቋቋም» የሚባለውን ቃል የተናገረ ሰው አላስታውስም። ልጅቷ ሰዓቷን አይታ «ልምምድ ደርሷል» ብላ ተነሳች፤ ጣሪያውም ጀመረ።

ታኅሣሥ 2023 ዩኔስኮ የፍልስጤምን ዳብኬ በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ አሰፈረው። ጋዛ እየነደደች ያለችበት ወር ነበር። እኔ አገሬ ከገባሁ ቆይቻለሁ፤ ዜናውን እንዳየሁ ደወልኩላቸው። የልጅ ልጃቸው ናት ያነሳችው፤ ሰሞኑን በካምፑ የተደረገ ሠርግ ያለ ከበሮ ማለፉን ነገረችኝና ስልኩን ሰጠቻቸው። አበሰርኳቸው። ዝም ብለው አዳመጡኝና «የማንን እግር ነው የጻፉት?» አሉኝ። «የፍልስጤምን ነዋ፣ ሀጃ።» «እሱማ ገባኝ፤ የኩወይካትን ነው የተርሺሐን?» ዝርዝሩን እንዳላየሁ ስነግራቸው የተርሺሐ ሰዎች ሦስተኛውን ርግጫ ሁልጊዜ እንዴት እንደሚያበላሹት ሊያስረዱኝ ጀመሩ፤ ካርዴ እስኪያልቅ አላቆሙም።