ከዶዮገና የመጣ እንግዳ በሕንዶች ማዕድ

ከሆሳዕና ተነሥቶ ወደ ደቡብ የሚጓዝ መንገደኛ፥ ዶዮገና መድረሱን የሚያውቀው ከከተማዋ ቤቶች ይልቅ በእንሰቱ ነው። አገሩ ደጋ ነው፤ ሕዝቡ ብዙ፥ እርሻውም ጠባብ ነው። ስንዴና ድንች ይበቅልበታል፤ በጉም ከአካባቢው አልፎ ስሙ የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ ዛሬ በማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል፥ በከምባታ ዞን በምትገኘው በዚህች ወረዳ፥ እንግዳ ወደ አንድ ቤት ሲቀርብ ከጣራው አስቀድሞ የሚያየው በጓሮው የቆመውን ሰፊ ቅጠል ነው።

ባለፈው ጥር ወር ወደዚያ የሄድነው አንድ ወዳጃችንን ለመጠየቅ ነበር። ወዳጃችን ዕድሜያቸው ከሰባ ያለፈ፥ ብዙ ዘመን አስተምረው በጡረታ ያረፉ መምህር ናቸው። በዕድሜ አባታችን ሊሆኑ የሚችሉ ቢሆኑም፥ ጠመኔ ስላገናኘን እንደ ባልንጀራ እንጨዋወታለን። ከምሳ በኋላ በጓሮው ስንመላለስ አንዱን ትልቅ እንሰት መታ መታ አድርገው፥ «መምህራችን የዚህን ፍሬ ሲጠብቁ ዓመት ሙሉ ኖሩ» አሉና ሳቁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1960 ዓ.ም. ገደማ ወዳጃችን ሆሳዕና ተቀምጠው ይማሩ ነበር። በዚያ ዘመን ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ከሕንድ አገር ብዙ መምህራን መጥተው ነበር፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ የኬራላ ሰዎች ነበሩ። ለወዳጃችን ሒሳብ ያስተማሯቸውም እንዲሁ ከኬራላ የመጡ ሰው ናቸው። እኒህ መምህር በአገራቸው የሚያውቁት ሙዝን ነውና፥ ከተከራዩት ቤት በስተኋላ የቆመውን እንሰት አይተው ሙዝ መሰላቸው። «መቼ ነው የሚያፈራው?» እያሉ ይጠይቁ ነበር። ተማሪዎቹም አፍረው ይሁን ተንኮል ይዟቸው፥ እውነቱን ሳይነግሯቸው ቀሩ።

እንሰት ሙዝን ይመስላል እንጂ ፍሬው አይበላም። ምግብ የሚሆነው ግንዱና ከመሬት በታች ያለው ወፍራም ሥሩ ነው። አራት ዐምስት ዓመት፥ አንዳንድ ጊዜም ከዚያ በላይ ተጠብቆ ይቈረጣል፤ ሴቶች ይፍቁታል፤ በቅጠል ተሸፍኖ በጉድጓድ ይብላላና ቆጮ ይሆናል። ሲጨመቅ ከውሃው በታች የሚዘቅጠው ነጭ ነገር ደግሞ ቡላ ነው። በአገራችን ወደ 20 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ኑሮው ከዚህ ተክል ጋር የተያያዘ ነው። ፍሬ ጠባቂው መምህር ግን ይህን ማን ይንገራቸው?

ወዳጃችን ሳቃቸውን ቶሎ አቋረጡ። አንድ ማታ መምህሩ ለፈተና ሲያስጠኗቸው አምሽተው፥ «እንግዲህ ራት አብረን እንብላ» አሏቸው። ወዳጃችን ደግሞ ማተብ ያላሠረ ሰው ያቀረበውን መቅመስ ነውር ነው ሲባል እየሰሙ ያደጉ ልጅ ነበሩ። «ሆዴን አሞኛል ብዬ ተነሣሁ። ከደጅ ሆኜ ዘወር ብዬ ባይ፥ ጠረጴዛው ላይ የቀረበው ሳሕን ሁለት ነበረ» አሉን።

ጥቂት ወራት ቈይቶ የጥምቀት በዓል ሲደርስ፥ ያው መምህር ጫማቸውን አውልቀው ታቦቱን ተከትለው ሲጓዙ ታዩ። ለካ እርሳቸው ሐዋርያው ቶማስ ሰበከን ከሚሉት፥ ከእኛ ጋር በአንድ ሃይማኖት ከሚተባበሩት የሕንድ ኦርቶዶክሳውያን ወገን ኖረዋል! በጥር 1957 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተደረገው የአኃት አብያተ ክርስቲያናት መሪዎች ጉባኤ የዚያች ቤተ ክርስቲያን ካቶሊኮስ ተገኝተው ነበር፤ ዳሩ ግን አንድ የሆሳዕና ተማሪ ይህን ከየት ይወቅ? ይቅርታ ለመጠየቅ እያፈሩ ሳለ ዓመቱ አለቀ፤ መምህሩም ወደ ሌላ ስፍራ ሄዱ። (ክርስቲያን ባይሆኑስ ኖሮ ያ መልስ ይገባቸው ነበርን? ብለን ጠይቀናቸው ነበር። ዝም አሉ።)

«አዲስ አበባ ሲመጡ የመምህርዎን አገር ምግብ እንጋብዝዎታለን» ብለን ተሰነባበትን።

በዐቢይ ጾም ዓይናቸውን ለመታከም መጡ። ሕክምናው ካለቀ በኋላ፥ አንድ ቀን ዘጠኝ ሰዓት ሲያልፍ፥ ቦሌ አካባቢ ወዳለ የሕንዶች ምግብ ቤት ይዘናቸው ገባን። እርሳቸውም በኮባ የተጠቀለለ ቆጮ በከረጢት ይዘው ነበር፤ ለቤታችን ያመጡት ስጦታ ነው። የቤቱ ሽታ እንግዳ አልሆነብንም። እርዱ፥ ዝንጅብሉ፥ ድንብላሉ፥ ከሙኑ፥ አብሹ፥ ሁሉም በእናቶቻችን ጓዳ ያለ ነው።

አስተናጋጇ ዝርዝሩን እያሳየች፥ «አባባ፥ በዚህ በኩል ያለው ሁሉ የጾም ነው፤ ሥጋ የለበትም» አለች። እኛ ልናዝ ስንል ወዳጃችን፥ «ልጄ፥ ምስሩ የተቁላላው በምንድን ነው?» ብለው ጠየቁ። ልጅቱ ወደ ወጥ ቤት ገብታ ተመለሰችና ዐንገቷን ደፍታ፥ «በቅቤ ነው አባባ» አለች።

ይህን ለቤተ ሰብ ሁሉ መንገር ይገባናል። ከሕንዶች ብዙዎቹ ሥጋ አይቀምሱም፤ ወተትና ቅቤ ግን በእነርሱ ዘንድ የተከበረ ምግብ ነው። ስለዚህ ሥጋ የሌለበት ሁሉ የጾም አይደለም። ናን የተባለው ኅብስት ብዙ ጊዜ እርጎ ወይም ወተት ይገባበታል፤ በወጡ ውስጥ ተቈራርጦ የሚታየው ነጩ ፓኒር አይብ ነው። ቻፓቲ ግን በዱቄትና በውሃ ይጋገራል፤ ከላዩ ቅቤ እንዳይቀቡት አስቀድሞ መናገር ነው። የኬራላ ኦርቶዶክሳውያን በዚህ ከአገራቸው ሰው ይለያሉ፤ እንደ እኛ በጾም ወተትና ቅቤ ይተዋሉ፤ ዐቢይ ጾማቸውንም የሃምሳ ቀን ጾም ይሉታል።

ነገሩን ሰምቶ ወጥ ሠሪው ራሱ መጣ፤ ከሰሜን ሕንድ የመጣ ጎልማሳ ነው። ወዳጃችን በእንግሊዝኛ ሲያስረዱት አተኵሮ ተመለከታቸውና፥ «አነጋገርዎ የእኛን አገር ሰው ይመስላል፤ የት ተማሩት?» አላቸው። «ከእናንተው ነው» አሉት። ሰውየው ራሱን ግራና ቀኝ እየነቀነቀ ሄዶ ሁሉን እንደ አዲስ በዘይት ሠራልን። ምስር፥ ሩዝ፥ ቻፓቲ፥ ድንች ከአበባ ጎመን ጋር ቀረበ። «ድንቹስ የአገሬ ልጅ ይሆናል» አሉ ወዳጃችን።

ጸሎት ካደረስን በኋላ ሹካውን ገለል አድርገው ከረጢታቸውን ፈቱ። ቆጮውን ቈርሰው በምስሩ አጠቀሱና ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው አላመጡ። ቀጥሎም አስተናጋጇን ጠርተው አንድ ባዶ ሳሕን አስመጡ። ቆጮና ምስር አደረጉበትና፥ «ያን ልጅ ጥሪልኝ፤ ሥራ አለብኝ ቢል እንኳ ቀምሶ ይሂድ በዪው» አሏት።

ወጥ ሠሪው እጁን በሽርጡ እየጠረገ መጣ። ቆሞ ቀመሰ፤ ደገመ። ከዚያም የተጠቀለለበትን ቅጠል ገልበጥ አድርጎ አየና፥ «ይህስ የሙዝ ቅጠል ነው፤ ዳቦው የተሠራው ከፍሬው ነውን?» ብሎ ጠየቀ።

ወዳጃችን የታከመውን ዓይናቸውን እስኪያብሱ ድረስ ሳቁ። ወንበርም ሳቡለትና፥ «ተቀመጥ ልጄ፤ እርሱን ለመንገር ብዙ ዓመት ዘግይቻለሁ» አሉት።