ሁለቱ የገና ጣሳዎች

አገር ቤት ያላችሁ፣ ካምፓላና ናይሮቢ ያላችሁ፣ ባሕር ማዶ ተሻግራችሁ አሁንም የጁባ ሙቀት ናፈቀን የምትሉ (እናንተን እንኳን አላምናችሁም)፣ ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ስለ መታወቂያ እድሳት በውስጥ መስመር የጻፋችሁልኝን አልረሳሁም፤ በሚቀጥለው እመለስበታለሁ። ዛሬ ግን የምጽፈው ስለ ቸኮሌት ነው። አትሳቁ፣ እስከ መጨረሻው አንብቡት።

ገና በደረሰ ቁጥር በኒዶ ጣሳ እየሞላሁ የምሰጣችሁን እነዚያን ጥቋቁር ድብልብሎች አሠራራቸውን ንገሪን እያላችሁ ነዝንዛችሁኛል። "ኦቨን ሳይኖርሽ እንዴት ነው የምትጋግሪው?" ያለችኝም አለች። አይጋገርም፤ ነገሩ እሱ ነው። እሳት አይነካውም። ባለፈው ዓመት የደረሰብኝም ከዚሁ የመጣ ስለሆነ አሠራሩን ብቻ ነግሬያችሁ ብሄድ ግማሹን ደበቅኩ ማለት ነው።

እኔ ያለሁት ኮሎሎ ነው። ኮሎሎ ሲባል የኤምባሲ ሰፈር ነው ትላላችሁ፣ እውነት ነው። እኛ ግን ከትልልቆቹ አጥሮች ጀርባ በአንድ ግቢ ውስጥ ክፍል ክፍል ተከራይተን የምንኖር ሰዎች ነን። አንድ የከሰል ምድጃና አንዲት የጋዝ ምድጃ አለችኝ። በገና ሰሞን ሰው ቤት ባዶ እጅ መሄድ ደግሞ አልለመድንም። ለሁሉም ዶሮ ማድረስ አይቻል፣ ዳቦ ልድፋ ቢሉ በከሰል አሥራ ሁለት ቤት አይዳረስም። ስለዚህ ድብልብሉ።

የተማርኩት እዚሁ ጁባ በአንድ ሆቴል ማድ ቤት ስሠራ ነው። የኬንያው ሼፍ ከሰርግ የተረፈ ኬክ እንዲጣል አይፈቅድም ነበር። ፍርፍር አድርጎ የካካዎ ዱቄትና ሩም ይጨምርበትና በመዳፉ እያድበለበለ ትሪ ላይ ይደረድረዋል። ኋላ ሳነብ የዴንማርክ ዳቦ ጋጋሪዎችም የተረፋቸውን ኬክ እንዲሁ በሩም ጣዕም እያድበለበሉ እንደሚሸጡት አወቅኩ። መጀመሪያ ቀን "ነይ ሞክሪ" ሲለኝ ግን እጄ ቀድሞ ያውቀዋል። በሶ ነው! ጭብጦ ነው! እናቴ ገብሱን ቆልታ፣ አስፈጭታ፣ በቅቤ ለውሳ ለመንገደኛ የምትጨብጠው። እኔም ከቤት ስወጣ በቦርሳዬ ታች በጨርቅ ጠቅልላ ያስቀመጠችልኝን የመጨረሻዋን ጭብጦ የበላሁት ድንበር ከተሻገርኩ በኋላ ነው። የሆነው ሆኖ ሼፉ "ማን አስተማረሽ?" ሲለኝ "እናቴ" አልኩት። አላመነኝም።

አሁን አሠራሩ። 400 ግራም ያህል ደረቅ ብስኩት ትወስዳላችሁ፤ ከኡጋንዳ ወይም ከኬንያ በኒሙሌ መንገድ የሚመጣው ተራው የግሉኮስ ብስኩት ይበቃል፣ ኮኞ ኮኞ ገበያ በካርቶን ሲገዛ ይረክሳል። በላስቲክ ከረጢት አድርጋችሁ በጠርሙስ ዳምጡት፤ አሸዋ እስኪመስል፣ ግን ዱቄት እስኪሆን አይደለም። አንድ እፍኝ ተኩል የተቆላ ኦቾሎኒ ወቅጣችሁ ጨምሩ። (ጁባ አዲስ የሆናችሁ ልብ በሉ፦ እዚህ "ፉል" ሲሏችሁ ኦቾሎኒ ሊሆን ይችላል። እኔ ቁርስ ፉል አዝዤ የተቆላ ኦቾሎኒ መጥቶልኛል።) አምስት የሾርባ ማንኪያ የካካዎ ዱቄት፣ አንድ ብርጭቆ የደቀቀ ስኳር፣ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ማር። ከዚያ መጠጡ፤ አንድ ትንሽ የሻይ ብርጭቆ፣ 100 ሚሊ ሊትር ገደማ። ለውሱት፣ ግማሽ ሰዓት ሸፍናችሁ አስቀምጡት፣ ከዚያ የሎሚ ግማሽ በምታህል መጠን አድበልብሉ። ወደ 50 ይወጣዋል። መጨረሻ ላይ ካካዎ ወይም ስኳር ላይ አንከባልሉት።

የፈሰሰ ቸኮሌት ከላይ ልቀባው እንዳትሉ። እኔ ብያለሁ። የቸኮሌት ቅቤ 34 ዲግሪ አካባቢ ይቀልጣል፣ የጁባ ታኅሣሥና ጥር ከሰዓት በኋላ ከ35 በላይ ነው። ጄኔሬተሩ ጠፍቶ ባደረበት ሌሊት ሠላሳው ድብልብል አንድ ሆኖ ነበር ያገኘሁት። ብስኩቱና ካካዎው ብቻ ግን ሙቀቱን ይችሉታል።

መጠጡ የታሸገና ማኅተሙ ያልተነካ ይሁን። ብዙ ጊዜ የምጠቀመው የኡጋንዳን ዋራጊ ነው። ስሙ እንግሊዞች "የጦርነት ጂን" ከሚሉት የመጣ ነው ይባላል፤ ለጆሮ ግን የኛ አረቄ የአክስት ልጅ ይመስላል። ባለፈው ዓመት ግን ከአዲስ አበባ በአየር የመጣ ሰው አንድ ጠርሙስ ባሮ ጂን ይዞልኝ መጣ። ጠርሙሱን ይዤ ብዙ ቆየሁ። ባሮ እኮ ከጋምቤላ ወርዶ ከፒቦር ጋር ሲገናኝ ሶባት ይባላል፣ ከዚያ ማላካል አጠገብ ነጭ ዓባይ ውስጥ ይገባል። ወንዙ ያለ ወረቀት ድንበሩን ይሻገራል። እኛ ጁባ ያለነው ደግሞ ከማላካል በላይ ስለሆንን ያ ውኃ በደጃችን እንኳ አያልፍም። በጠርሙስ ነው የደረሰኝ።

ሲኮ አትጠቀሙ። ሲኮ የሚያወጡትን እናቶች ለመውቀስ አይደለም፣ ብዙዎቹ የልጅ ትምህርት ቤት የሚከፍሉት በእሱ ነው። ግን በቤት የሚወጣ አረቄ ውስጥ ሜታኖል ቢኖር በሽታም በጣዕምም አይለይም፣ ዓይን ያጠፋል፣ ይገድላል። ለራሱ የሚጠጣ ሰው ለራሱ ይወስናል። ሰውን በስጦታ ጣሳ ውስጥ አታግቡት።

ወደ ነገሬ ልምጣ።

ይህ ነገር እንደተሠራ አይበላም። የመጀመሪያው ቀን መጠጡ ጉሮሮ ይቧጭራል፤ አምስት ስድስት ቀን ተከድኖ ሲቀመጥ ብስኩቱ ውስጥ ገብቶ ይለሰልሳል። ስለዚህ ለታኅሣሥ 29 የሚሆነውን በ22 ወይም በ23 መሥራት አለብኝ። ያ ደግሞ ጾም ነው። የደቡብ ሱዳን ጎረቤቶቻችን በእኛ ታኅሣሥ 16 ገናቸውን አክብረው ሥጋ ሲልኩልን እኛ ገና "ጾም ነን" እያልን ነው። ብስኩቱ ወተት አለበት። እናም የሠራሁትን ሳልቀምስ ነው የማድበለብለው። ባለፈው ዓመት ከባሮው ጠርሙስ በብርጭቆ መለካቱን ትቼ በዓይኔ አፈሰስኩ። የአገር ነው ብዬ እጄ አልያዘውም መሰለኝ። ከእጥፍ በላይ ሳይሆን አይቀርም። ክፍሉ ሁሉ ሸተተ፣ እኔ ግን አልቀመስኩ።

ለማን ምን እንደምሰጥ ግን አስቤበታለሁ፤ ቢያንስ አስቤበታለሁ ብዬ ነበር። በ2023 ከካርቱም ጦርነት አምልጣ የመጣችው ሻይ ሻጭ ጎረቤቴ ሙስሊም ናት፣ ለእሷ ቴምር በኦቾሎኒ ሞልቼ። ለጴንጤዋ እህታችን ማርና ዳቦ ቆሎ። ልጆች ላሉበት ቤት ከረሜላ። የቀረው "የኛው ሰው ነው፣ በዓሉም በዓላችን ነው" ብዬ ጣሳውን አደልኩ። አንዱ ጣሳ የሄደው ሙኑኪ ለሚኖር አንድ ታላቅ ወንድማችን ነው። ስሙን አልጽፍም፤ ይህን እንድጽፍ ግን ራሱ ፈቅዶልኛል።

እኚህን ሰው ድሮ የምታውቋቸው ታውቃላችሁ። ሥራቸው ቆሞ፣ ቤተሰብ ርቆ፣ ጠዋት በሲኮ ጀምረው ማታ በሲኮ የሚጨርሱበት ጊዜ ነበር። ሁለት ጊዜ ከመንገድ አንስተናቸዋል። ከዚያ ተዉት። እንዴት እንደተዉት የእሳቸው ታሪክ ነው። ያን ጊዜ ከተዉት አንድ ዓመት ከአራት ወር ሆኗቸው ነበር፣ ቀኑን ይቆጥራሉ። እኔም አውቅ ነበር። እንኳን ደስ አለዎት ብዬ ነበር። ጣሳውን ስሞላ ግን አንድም ጊዜ ትዝ አላለኝም። የሙስሊሟና የጴንጤዋ አለመጠጣት ከሩቅ ይታየኛል፣ የእሳቸው አልታየኝም።

የገና ለት ረፋድ ላይ በቦዳ ቦዳ መጡ። ጣሳው በሁለት ፌስታል ተጠቅልሎ ከሹፌሩ ፊት ተቀምጧል፤ እሳቸው አልያዙትም። ከበሩ ሳያልፉ፣

"ምን አድርገሽበት ነው?" አሉኝ።

"ጋሼ..." አልኩ፣ ከዚያ ቃል አልመጣልኝም። በዚያች ደቂቃ ነው ሁሉ ነገር የገባኝ።

"አንዱን በላሁት። ጾም ልፈታ ብዬ፣ በባዶ ሆዴ። ሁለተኛውን እጄ ውስጥ አገኘሁት፣ መቼ እንዳነሳሁት አላውቅም።" ከዚያ ቀስ ብለው፣ "አልተቀየምኩሽም፣ እህት ዓለም። ግን ጣሳው ቤቴ ካደረ ነገ እኔ የለሁም" አሉኝ።

ኋላ ሒሳቡን ሠርቼዋለሁ። በደንቡ 100 ሚሊ ሊትር 40 በመቶ መጠጥ ለ50 ድብልብል ቢከፋፈል የአንድ ጠርሙስ ቢራን አልኮል ለማግኘት ሃያ ገደማ መብላት ያስፈልጋል። በእኔ ዓይን ልክ እንኳ ቢሆን ስምንት ወይም ዘጠኝ። አንዷ ድብልብል ማንንም አታሰክርም። ይህን ለራሴ ስነግር ቀለል ያለኝ መስሎኝ ነበር፣ ግን የእሳቸው ጉዳይ የመስከር አልነበረም። በድስት የሚበስል ነገር ቢሆን እሳቱ የተወሰነውን ይወስድ ነበር። ይህ ግን ያፈሰስኩት ሁሉ እንዳለ፣ ከነሽታው፣ ተከድኖ ሳምንት የቆየ ነው።

ጣሳውን ለሹፌሩ ሰጠነው፣ ምን እንዳለበት ነግረነው። ደስ ብሎት ሄደ። እሳቸው ገቡ፤ ቡና አፈላሁ። እጃቸው ይንቀጠቀጥ ስለነበር ሲኒውን ግማሽ ብቻ ነበር የምቀዳላቸው። አቦሉን ዝም ብለን ጠጣን። ቶናው ላይ፣ "ለምን በቡና አታደርጊውም?" አሉኝ። በረካው ላይ ሁለታችንም ብስኩት እየደመጥን ነበር።

በቡና የሚሠራው እንዲህ ነው። የፈላ ቡና አታፍሱበት፤ ውኃው በዚህ ሙቀት ቶሎ ያሻግተዋል። ጠቆር ተደርጎ የተቆላ ቡና በጣም አድቅቃችሁ ሁለት የሾርባ ማንኪያ፣ ማሩን ወደ አምስት ከፍ አድርጉ፣ ማያያዣው ደግሞ ደክዋ፣ ሱዳኖቹ የሚሠሩት የተፈጨ ኦቾሎኒ ነው (በርበሬ የገባበት እንዳይሰጧችሁ ጠይቁ)። ካካዎውና ስኳሩ እንደዚያው። አንድ ሳምንት ሳይበላሽ ይቆያል። እሳቸው ደግሞ በወለጋ አያታቸው ቤት ቡና ቀላ እየበሉ ያደጉ ናቸውና "ይኼ እኮ የኛ ነው" አሉ። እውነት አላቸው፤ የስኮትላንዱ ጄምስ ብሩስ በ18ኛው ክፍለ ዘመን አገራችንን ሲዞር ኦሮሞዎች ቡና ቆልተው፣ ወቅጠው፣ በቅቤ ለውሰው እንደ ኳስ አድበልብለው ለመንገድ ስንቅ እንደሚይዙት ጽፎ ነበር። ሻይ ሻጯ ጎረቤቴም ቀምሳ፣ በዚህ ዓመት ቴምሩ ይቅርብኝ ብላለች። ወደ ጎሮም ካምፕ የምንወስደውም ሁሉ የቡናው ይሆናል። እዚያ የኛ ሰዎችም ሱዳኖችም አንድ ላይ ስላሉ ማን ምን እንደሚችል በር ላይ ቆሞ መጠየቅ አይሆንም።

የመጠጡን አልተውኩትም። የምትወዱት አላችሁ፣ እኔም እወደዋለሁ። ጣሳው ላይ ቀይ ክር አስርበታለሁ፣ ስሰጣችሁም አፌን ከፍቼ "ጂን አለው" እላለሁ። "ለማን ነው የምትነግሪን፣ እናውቃለን" አትበሉኝ። ከእናንተ ቀጥሎ ማን ጣሳውን እንደሚከፍት አላውቅም። እናንተም ስትሠሩ እንዲሁ አድርጉ። እምቢ ያለን ሰው ደግሞ "ለበዓል እንኳ? አንዲት ብቻ!" አትበሉት። ለምን እንደሆነ አትጠይቁትም።

ዘንድሮ የምንሠራው ታኅሣሥ 22 ቀን ጠዋት እኔ ቤት ነው። ብስኩት የሚደመጥ እጅ ያስፈልገኛል፣ ልጆችም ይምጡ። የቡናውን የሚያድበለብሉት ጋሼ ናቸው፤ ከእኔ ይልቅ አንድ ዓይነት መጠን ያወጣሉ። የጂኑን የምለውሰው ማታ ነው፣ እሳቸው ከሄዱ በኋላ፣ መስኮቱን ከፍቼ። ባዶ የኒዶ ጣሳ ያላችሁ አትጣሉ፤ ክዳኑ ያልጠፋውን፣ አጥባችሁ አድርቃችሁ እስከ 20 ድረስ አድርሱልኝ። እስካሁን ዘጠኝ ብቻ ነው ያለኝ።