ሁለት ሜትር ከሃያ ስምንት

ከኦፕሬተሩ መቀመጫ ፊት ለፊት፣ ከመሪው በስተቀኝ፣ መዳፍ የምታክል ጥቁር ቆርቆሮ በአራት ሪቬት ተመትታለች። በላይዋ ቁጥሮች አሉ፤ ኪሎ፣ ሚሊ ሜትር፣ የማንሻ ከፍታ። ፎርክሊፍቱ ግቢያችን ከገባ በኋላ ሰባት ወር ሙሉ አጠገቧ ቆሜ ስልክ አውርቻለሁ፣ ቡና ጠጥቻለሁ፣ ከደንበኛ ጋር በዋጋ ተከራክሬያለሁ። አንድ ቀን እንኳ ጎንበስ ብዬ አላነበብኳትም። ያነበብኳት አንድ ልጅ እግሩ ከተሰበረ በኋላ ነው።

ሥራችን ሴራሚክ ነው። ከቻይና እናስመጣለን፣ ቃሊቲ ያለው መጋዘናችን እናስገባለን፣ ለተቋራጮችና ለሱቆች እናከፋፍላለን። ሴራሚክ ለማያውቀው ቀላል ዕቃ ይመስላል። ስድሳ በስድሳው አንዱ ካርቶን ሠላሳ ኪሎ ይጠጋል፤ እኛ የምናመጣው ፓሌት ሲሞላ 1,300 ኪሎ ገደማ ነው። ባለ ሃያ ጫማ ኮንቴይነር ውስጥ ሃያ ያህል ፓሌት ይጫናል፤ ወለሉ የሚይዘው ግን አሥሩን ነው። ስለዚህ አንዱ በአንዱ ላይ ተደርቦ ነው የሚመጣው። ይህን ልብ በሉልኝ፤ የእኔ ጥፋት የሚጀምረው ከዚህ ነው።

ለዓመታት ያን ሁሉ ያወረድነው በሰው ጀርባ ነው። ስምንት ጫኝ አውራጅ ከጠዋት እስከ ማታ፣ አንዳንዴም እስከ ማግስቱ፣ ካርቶን በካርቶን። ወገብ ይቀጫል፣ ጣት ይጨፈለቃል፣ ከየኮንቴይነሩ የሚሰበረውን ሴራሚክ ሰብስበን የግቢያችንን ግማሽ ንጣፍ ሠርተንበታል። ፎርክሊፍት እንግዛ ብለን የቆረጥነው በ2013 ነው። ባንክ ማመልከቻ አስገባን፣ ወረፋ ያዝን። ያን ጊዜ የውጭ ምንዛሪ የጠየቀ ነጋዴ ያውቀዋል፤ በየሳምንቱ ቅርንጫፉን መሳለም፣ «አልደረሳችሁም» መባል፣ የፕሮፎርማው ጊዜ ሲያልፍ ሻጩን ለምኖ ማሳደስ። ዓመት ከመንፈቅ በዚህ ከረምን። በ2015 አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ስልኬ ጮኸ፤ ተፈቅዶላችኋል ተባልኩ። ዶላር በባንክ 54 ብር ገደማ ነበር። መጀመሪያ የደወልኩት ለእናቴ ነው፤ እልል አለችልኝ።

እጄ ላይ ሦስት ፕሮፎርማ ነበር። ሁለቱ ያው አንድ ማሽን ናቸው፤ 3 ቶን፣ ናፍጣ፣ አንድ ዓይነት ሞተር፣ አንድ ዓይነት ቀለም። የሚለያዩት በማስታቸው፣ ሹካው በሚወጣበት ቋሚ ብረት፣ ነው። የመጀመሪያው ባለ ሁለት እርከን፣ እስከ 3 ሜትር የሚያነሳ። ሁለተኛው ባለ ሦስት እርከን ሆኖ፣ ማስቱ ባለበት ቆሞ ሹካው ብቻውን ወደ ላይ የሚሄድበት፣ ከዚያም በላይ ሹካውን ወደ ግራና ወደ ቀኝ የሚያንሸራትት ሳይድ ሺፍተር ያለው። ልዩነታቸው 1,400 ዶላር። የተፈቀደልን ገንዘብ ሁለተኛውን በትክክል ይሸፍናል። ሦስተኛው ፕሮፎርማ በሊቲየም ባትሪ የሚሠራ ነበር፤ እሱን «መብራት ሲጠፋስ?» ብዬ ገጹን እንኳ ሳልገልጥ ወደ ጎን አደረግኩት።

መጋዘናችን ውስጥ ጋሼ የምንላቸው ሰው ነበሩ። ከወጣትነታቸው ጀምሮ በፋብሪካ መጋዘን ፎርክሊፍት ሲነዱ የኖሩ፣ እኛ ጋ ግን ማሽን ስላልነበረን በዕቃ ተቆጣጣሪነት የተቀጠሩ። ምንዛሪው መፈቀዱን የሰሙ ዕለት ማታ ሜትር ይዘው ግቢ የቆመው ኮንቴይነር ጋ ሄዱ። የበሩን ቁመት ለኩ። ገብተው ጣሪያውን ለኩ። ላይኛው ፓሌት ከወለሉ ስንት ላይ እንደሚጀምር ለኩ። ከዚያ በመጋዘኑ የብረት በር ጀርባ ላይ በጠመኔ ጻፉት፦ በር 2.28፣ ጣሪያ 2.39፣ ላይኛው 0.80።

«ልጄ፣ ና እስቲ» አሉኝ። «ይኼ ባለ ሁለት እርከኑ በበሩ ይገባል። ገብቶ ግን አያነሳም። ሹካው ሁለት ስንዝር ከፍ ሲል ማስቱ አንድ ስንዝር ይወጣል። ላይኛውን ፓሌት ሳያነሳ ጣሪያውን ይመታዋል። ባለ ሦስቱን ውሰድ።»

«ጋሼ፣ 3 ቶን እኮ ነው። የእኛ ፓሌት አንድ ቶን ተኩል እንኳ አይሞላም። ምን ያቅተዋል ብለው ነው?»

«ስለ ጉልበቱ መች አወራሁ?»

አስብበታለሁ አልኳቸው። አላሰብኩበትም። በማግስቱ ጠዋት በርካሹ ፕሮፎርማ ላይ ፈረምኩ፤ ኤልሲው በዚያው ተከፈተ። ለታላቅ ወንድሜ ደውዬ «1,400 ዶላር አዳንኩ» አልኩት፤ ጎበዝ አለኝ። አሁን ሳስበው ሆዴን የሚቆርጠኝ ይኼ ነው። ያዳንኩት ዶላር ለእኛ እንኳ አልቀረም፤ ከተፈቀደው ያልተጠቀምንበት በባንኩ ዘንድ ቀረ። ዓመት ከመንፈቅ ደጅ ጠንቼ ያገኘሁትን በገዛ እጄ መልሼ ሰጠሁ። ወይ ነዶ!

ማሽኑ በጅቡቲ ዞሮ፣ ሞጆ ደረቅ ወደብ ሰንብቶ፣ በሎቤድ ተጭኖ ቃሊቲ ሲገባ ድፎ ዳቦ ቆረስን። መኪናው ጀርባውን ሰጥቶ የሚጠጋበት የሲሚንቶ ራምፕ አስቀድመን አስፈስሰን ነበር፤ ፎርክሊፍቱ በእሱ ወጥቶ በቀጥታ ኮንቴይነሩ ውስጥ እንዲገባ። የመጀመሪያው ኮንቴይነር የመጣ ዕለት ሠራተኛው ሁሉ ሥራ ትቶ ለማየት ወጣ። ጋሼ ነዱት። በበሩ አንድ ጋት እየቀረው ገባ። ሹካውን ወደ ላይኛው ፓሌት አነሱ፤ ማስቱ አብሮ ወጣ፤ ቋ! የሚል ድምፅ ተሰማ። ቆርቆሮው ተንቀጠቀጠ። ጋሼ ምንም አላሉም። ሞተሩን አጠፉ፣ ወረዱ፣ ጣሪያው የተቧጨረበትን ቦታ በእጃቸው ዳሰሱትና እኔን ሳያዩኝ በአጠገቤ አልፈው ወጡ።

ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ ብልሃት ፍለጋ ገባን። ውስጥ ገብቶ ላይኛውን ለይቶ ማንሳት ካልቻለ፣ ድርቡን በሰንሰለት ወደ በሩ ጎትተን፣ ከሥር ሁለቱንም ባንዴ እናንሳ አልን። ሁለት ጊዜ 1,300 ማለት 2,600 ኪሎ ነው፤ ማሽኑ 3,000 ያነሳል። ሂሳቡ ልክ መሰለኝ። ጋሼ አይሆንም ብለው መንዳት ተዉ፤ ወጣት ኦፕሬተር ቀጠርን። ለጥቂት ወራት እንደምንም ሄደ። አንድ ሐሙስ ቀን ግን ድርቡ በሩ ጫፍ ላይ ተሰንቅሮ ሹካው እስከ መጨረሻው አልገባም፤ በጫፉ ብቻ ነው የያዘው። ልጁ አነሳ። የኋላ ጎማዎቹ ከመሬት ተነሱ። ሁለት ጫኝ አውራጆች ሮጠው ከኋላ ክብደቱ ላይ ወጡ፤ ሚዛን ለመጠበቅ ብለው ነው፤ በየመጋዘኑ ሲደረግ አይቻለሁ፤ እኔም እዚያው ቆሜ ነበር፤ ውረዱ አላልኩም። ማሰሪያው ተበጠሰ፣ የላይኛው ፓሌት ካርቶን በካርቶን ተንዶ ወረደ፣ ፊቱ ድንገት የቀለለው ማሽን ኋላው ዘፍ አለ። አንደኛው ልጅ ቀድሞ ዘሎ ነበር። ጎማው በዘለለው ልጅ እግር ላይ አረፈ።

ሦስት ወር ተኛ። የሕክምናውን ከፈልን፣ ደሞዙን አላቋረጥንም። ዛሬም ሲራመድ ቀኝ እግሩን ይጎትታል።

ያን ቀን ማታ ነው ባትሪ አብርቼ ቆርቆሮዋን ያነበብኳት። 3,000 ኪሎ ትላለች፤ ግን የሸክሙ መሐል ከሹካው ጀርባ 500 ሚሊ ሜትር ላይ ሲሆን ነው። ፎርክሊፍት ሚዛን ነው። የፊት ጎማው መደገፊያው ነው፤ ከኋላው ያ የብረት ክብደት፣ ከፊቱ ሸክሙ። ሸክሙ ወደ ሹካው ጫፍ በራቀ ቁጥር ማሽኑ ማንሳት የሚችለው ኪሎ ይቀንሳል። እኛ 80 ሴንቲ ሜትር ላይ ይዘን ነበር። ሳይድ ሺፍተር ሲጨመር፣ ማስቱ ሲረዝም ያ ቁጥር እንደገና ዝቅ ይላል፤ ሁሉም በዚያች ቆርቆሮ ላይ መጻፍ አለበት። ተጽፎልኝም ነበር። 3 ቶን የሚለው በማሽኑ ጎን በትልቁ የተለጠፈው ቁጥር ለዓይን ነው፤ እኔ የገዛሁት እሱን ነው።

ስለ ናፍጣውም ልናገር። ማሽኑ ኮንቴይነር ውስጥ ሲገባ ጭሱ መውጫ የለውም፤ ዓይን ያቃጥላል፣ ያሳልሳል። እኛ ያለንበት ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር ያልፋል። ቱርቦ የሌለው ሞተር እዚህ ከፍታ ላይ ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ገደማ ያጣል፤ አየሩ ስስ ነው፣ ነዳጁ በደንብ አይቃጠልም፣ ለዚህ ነው በራምፑ ላይ ሲወጣ ጥቁር የሚተፋው። ይህንንም የጠየቀ የለም። ፎርክሊፍት ደግሞ ታርጋ አድርጎ ማደያ አይሰለፍም፤ ናፍጣው በጀሪካን ነው የሚመጣው፣ ለጀሪካን የፈቃድ ደብዳቤ ተጠይቀናል። ከ2014 ማብቂያ ጀምሮ የነዳጅ ድጎማው ደረጃ በደረጃ ሲነሳ ወጪው በየጊዜው ሲጨምር አየን። ያ ሳልገልጠው የተውኩት የሊቲየም ማሽን ሌሊት ተሰክቶ ቀኑን ይውላል፤ በምሳ ሰዓትም ሊሞላ ይችላል። መብራት የሚጠፋው ለሰዓታት እንጂ ለሳምንት አይደለም። ዝናብና ድንጋያማ ግቢ ላለው ናፍጣ ዛሬም ያዋጣል፤ ይህን አልክድም። የእኔ መጋዘን ወለል ግን ልስልስ ሲሚንቶ ነው።

ይህን ሁሉ ስረዳ፣ ይሁን፣ ማስቱን ብቻ አስመጥቼ አስቀይራለሁ አልኩ። ዋጋ ጠይቄ መልስ ስጠብቅ ሐምሌ 22 ቀን 2016 መጣ። የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። የማስቱ ዋጋ ከነማጓጓዣው፣ ከነቀረጡ፣ ከነሃይድሮሊክ መስመሩ ተደምሮ ሲመጣልኝ ያኔ ከናቅኩት ልዩነት በዶላሩ አራት እጥፍ ሆኖ ነበር፤ በብሩ ሳሰላው ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከተትኩት። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ተረት በእኔ ደርሶ አየሁት። ልሽጠው ብዬም ሞክሬ ነበር። ሊያዩ የመጡት ሁሉ መጀመሪያ የጠየቁኝ «ኮንቴይነር ውስጥ ያነሳል?» ብለው ነው። ሦስት ሰው እንዲህ ሲጠይቀኝ ቆሜ ሰማሁ። ሁሉም ያውቁት ነበር።

ጋሼን ይቅርታ ጠየቅኳቸው። ጡረታ ሊወጡ ሁለት ሳምንት ሲቀራቸው ነው። «ተወው ልጄ፣ ዕቃ ነው» አሉኝ። የልጁን እግር አላነሱብኝም፤ እኔም ደፍሬ አላነሳሁትም።

ማሽን ልትገዙ ያሰባችሁ፣ ፕሮፎርማ እጃችሁ የገባ፣ እባካችሁ ፊርማችሁን ለአንድ ቀን አቆዩት። የሚነዳውን ሰው ጥሩት። ሜትር ስጡት። የምትከፍቱትን በር፣ የምታነሱትን ሸክም፣ የምትዞሩበትን መተላለፊያ ይለካ። ሻጩን በ3 ሜትርና በ4 ሜትር ተኩል ላይ ስንት ኪሎ እንደሚያነሳ በጽሑፍ ጠይቁት። እኔ ይህን ለማድረግ አንድ ሙሉ ሌሊት ነበረኝ፤ የተለካው ቁጥርም በበሩ ጀርባ ላይ ተጽፎልኝ ነበር።

ጠመኔው ዛሬም አልጠፋም። በሩ ወደ ውስጥ ስለሚከፈት ዝናብ አያገኘውም። ነገ ጠዋት አንድ ኮንቴይነር ይገባል፤ ስምንት ጫኝ አውራጅ ቀጥረናል።